የወሊድ ቦርሳ ዝግጅትና የጤና ባለሙያው ድርሻ

በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት አንድ እግሯ በምድር፣ አንድ እግሯ በመቃብር ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። አባባሉ ወሊድን ተከትሎ የሚመጣው አደጋ በየቤቱ የታወቀ መሆኑን ያመለክታል፤ አደጋው አስቀድሞ በሚደረግ ዝግጅት ሊቀነስ የሚችል መሆኑን ግን አይገልጽም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ዝቅ ብሏል። በጤና ተቋም የሚፈጸም ወሊድም በ2000 ከመቶ 5 ያህል ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደርሷል። ለዚህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ የአዋላጆች ቁጥር መጨመርና ለየወረዳው የተዳረሱት አምቡላንሶች የየድርሻቸውን አበርክተዋል።

ይሁን እንጂ እናቲቱ በጤና ተቋም ለመውለድ መወሰኗ ብቻውን በቂ አይደለም። በስንት ሰዓት፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ይዛና ከማን ጋር እንደምትደርስ የእርሷንም ሆነ የሕፃኑን ዕድል የሚወስን ጉዳይ ነው። የወሊድ ቦርሳ ዝግጅት ከዚህ አንጻር ሊታይ የሚገባው ሲሆን፣ በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍሎች ግን ብዙውን ጊዜ በጉብኝቱ መጨረሻ በጥድፊያ የሚነገር የልብስና የጨርቅ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቦርሳው የወሊድ ዕቅዱ መፈተኛ እንጂ የዕቃ ዝርዝር ብቻ አለመሆኑን፣ እንዲሁም የተቋሙን ግዴታ ወደ እናቲቱ ማሸጋገሪያ ሊሆን እንደማይገባው ማስረዳት ነው።

ቦርሳውና ሦስቱ መዘግየቶች

ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ የእናቶችን ሞት የሚያስከትሉ መዘግየቶችን በሦስት ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያው ሕክምና ለመፈለግ በመወሰን ረገድ የሚደርስ መዘግየት ነው። ሁለተኛው ወደ ጤና ተቋም በመድረስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚደርሱ ናቸው። የወሊድ ቦርሳ አነስተኛ ነገር ቢመስልም ሦስቱንም ይነካል።

ለምሳሌ ያህል ከጤና ጣቢያ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖር አንዲት እናት ሌሊት ምጥ ጀመራት እንበል። ባለቤቷ ወደ ገበያ ሄዶ አልተመለሰም። የክትትል ካርዷ የተቀመጠበት ሳጥን ቁልፍ በእርሱ እጅ ነው። ለብሳው የምትወጣው ንጹሕ ልብስ አልታጠበም፤ ሁለቱን ልጆቿን የምታስጠብቀው ጎረቤትም አስቀድሞ አልተነገራትም። ቤተሰቡ ይህንን ሁሉ ለማሟላት ሲሯሯጥ ይነጋል። ይህች እናት "ለምን ዘገየሽ?" ተብላ ብትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ምናልባት "ምጡ ገና መስሎኝ" የሚል ይሆናል። ትክክለኛው ምክንያት ግን የተዘጋጀ ነገር አለመኖሩ ነው። አስቀድሞ የታሰረ ቦርሳ በበሩ አጠገብ መኖሩ ውሳኔው አስቀድሞ መወሰኑን ያመለክታል።

ሦስተኛውን መዘግየት በተመለከተ በተለይ ሰነዶች ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው። የደም ዓይነቷ፣ የሄሞግሎቢን መጠኗ፣ የቀደመ ቀዶ ሕክምናዋና የምትወስደው መድኃኒት የተመዘገበበትን ካርድ ይዛ የመጣች እናት፣ ለተረኛው ባለሙያ ብዙ ደቂቃዎችን ታተርፍለታለች። ከወሊድ በኋላ የሚደርስ ከባድ የደም መፍሰስ ጤናማ የነበረችን እናት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል እንደመሆኑ መጠን፣ እነዚህ ደቂቃዎች እንደ ቀላል የሚቆጠሩ አይደሉም።

መቼ ይዘጋጅ?

የዝግጅቱ ውይይት ከመጀመሪያው የክትትል ጉብኝት ጀምሮ መነሣት ያለበት ሲሆን፣ ቦርሳው ራሱ እስከ 36ኛው ሳምንት ተሟልቶ ቢገኝ ይመረጣል። መንታ ለያዘች፣ የደም ግፊት ላለባት፣ ቀደም ሲል ካለጊዜው ለወለደች ወይም ደም ለፈሰሳት እናት ከ28ኛው እስከ 32ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መዘጋጀቱ ተገቢ ነው። የወር አበባዋ የቀረበትን ቀን በእርግጠኝነት የማታውቅ እናትም ቀድማ እንድታዘጋጅ ልትመከር ይገባል፤ የተሰላው የመውለጃ ቀን በሳምንታት ሊዛነፍ ይችላልና።

በዚህ ረገድ ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ልማዳዊ እምነት አለ። በአንዳንድ ቤተሰቦች ገና ላልተወለደ ሕፃን ልብስ ማዘጋጀት ገደ ቢስ ተደርጎ ይታያል። ባለሙያው ይህንን እምነት በክርክር ለማፍረስ ከመሞከር ይልቅ፣ በቤት ውስጥ ያለ ንጹሕ ጨርቅና የእናቲቱን ልብስ ብቻ አጥቦ በአንድ ላይ ማስቀመጥ እንደሚበቃ ቢያስረዳ የተሻለ ተቀባይነት ያገኛል። አዲስ ልብስ መግዛት ለጤንነት አስፈላጊ አይደለም፤ አስፈላጊው ንጹሕና ደረቅ መሆኑ ነው።

ምን ይያዝ?

ሀ. ሰነዶች፣ መድኃኒትና ገንዘብ። እነዚህ በአነስተኛ ከረጢት ለብቻ ተቋጥረው በቦርሳው ላይኛ ክፍል መቀመጥ አለባቸው። የክትትል ካርድ፣ የላቦራቶሪና የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነች መታወቂያው፣ ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከሆነ ከሆስፒታል የተሰጣት ወረቀት በዚህ ይካተታሉ። ለደም ግፊት፣ ለስኳር በሽታ፣ ለሚጥል በሽታ ወይም ለኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት በምጥ ምክንያት ማቋረጥ ስለማይገባት ለጥቂት ቀናት የሚበቃትን ይዛ ትምጣ። ለመጓጓዣና ላልታሰበ ወጪ የተቀመጠ ገንዘብ፣ የተሞላ ሞባይልና ቻርጀር፣ እንዲሁም የአምቡላንስ ሹፌሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ደም ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ ዘመዶች ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ያስፈልጋል። ስልኩ በወረቀት መጻፍ ያለበት ሞባይሉ ባትሪ ሊጨርስ ስለሚችል ነው።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በሚመለከት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቦርሳውን በምጥ ሰዓት የምትፈታው ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ሳትሆን አማቷ ወይም እኅቷ ናት። ስለሆነም ባለሙያው እናቲቱን ለብቻዋ አግኝቶ መድኃኒቱን የትና እንዴት እንደምታስቀምጥ፣ ለማን እንደነገረችና ማን እንዲያውቅባት እንደማትፈልግ ሊያነጋግራት ይገባል። በጅምላ የሚሰጥ "መድኃኒትሽን ቦርሳ ውስጥ ጨምሪ" የሚል ምክር የአንዲትን እናት ምስጢር በወሊድ ክፍል በር ላይ ሊያወጣ ይችላል።

ለ. ለእናቲቱ። ከፊት የሚከፈት ወይም ለማጥባት የሚመች ቢያንስ ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ፣ የውስጥ ልብስ፣ ሞዴስ ወይም ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፎጣና ሳሙና ያስፈልጋታል። ውኃ በሚቋረጥባቸው ተቋማት የመጠጥና የመታጠቢያ ውኃ በጀሪካን መያዝ ይጠቅማል። ከምግብ በኩል አጥሚት፣ በሶ፣ ሻይና ስኳር በቀላሉ የሚያዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ችግር የመድረስ ዕድላቸው ዝቅተኛ ለሆነ እናቶች በምጥ ጊዜ ምግብና ፈሳሽ መውሰድን ይመክራል፤ ስለዚህ ምጥ ላይ ያለችን እናት ያለ ሕክምና ምክንያት በረኃብና በውኃ ጥም ማቆየት ተገቢ አይደለም።

ሐ. ለሕፃኑ። ቢያንስ ሦስት ንጹሕና ደረቅ ጨርቆች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ለማድረቂያ፣ ሁለተኛው በእናቲቱ ደረት ላይ ሳለ ለመሸፈኛ፣ ሦስተኛው በመለወጫነት። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ልብስና የሽንት ጨርቅ ይጨመራሉ። የአራስ ሕፃን የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መጠን መጠበቅ አለበት። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ የቆየ ሕፃን ግን በሞቃት ክፍል ውስጥም ቢሆን ይቀዘቅዛል። እናቲቱ ጨርቆቹን ለምን እንደምትይዝ ከተረዳች፣ የማድረቂያው ጨርቅ ተነሥቶ በደረቅ መተካት እንዳለበትና ሕፃኑ እስከ 24 ሰዓት ድረስ መታጠብ እንደሌለበት ለመቀበል አይከብዳትም። ካለጊዜው የሚወለድ ወይም ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ሕፃን ቢያጋጥም፣ በደረት ላይ አቅፎ ለማሰሪያ የሚሆን ሰፋ ያለ ኩታ ብዙ ያገለግላል።

መ. ባይያዙ የሚመረጡ። ለሕፃኑ የሚዋጥ ቅቤ፣ ጡጦና የቆርቆሮ ወተት፣ የሚኳል ኩል፣ እትብት ላይ የሚደረግ ማንኛውም ነገር፣ ምላጭ፣ እንዲሁም ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚሰጥ የአገር መድኃኒት በቦርሳው ውስጥ ሊኖሩ አይገባም። እናቲቱ ምጥ አፋጣኝ መድኃኒት በቤቷ ወስዳ ከሆነ ግን ያለ ፍርሃት እንድትናገር የሚያደርግ አቀባበል ያስፈልጋል። ተቆጥታ የተመለሰች እናት የወሰደችውን አትናገርም፤ ያልተነገረው መድኃኒት ደግሞ የማሕፀን መተርተርን ሊያስከትል ይችላል። ስለ ቅቤው በምትመከርበት ጊዜ እንገሩ ለሕፃኑ የመጀመሪያ ምግቡም መከላከያውም መሆኑን፣ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመር እንደሚገባው አብሮ መግለጽ ተገቢ ነው።

ቦርሳ የሌላት እናት

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ምክር እንጂ የመግቢያ መስፈርት አይደሉም። ይህ ልዩነት በግልጽ ካልተነገረ ዝርዝሩ ራሱ መሰናክል ይሆናል። ኮፍያና ካልሲ ለመግዛት አቅም የሌላት እናት፣ ያረጀ ልብሷን በሰው ፊት ማሳየት የምታፍር እናት፣ "ባዶ እጄን ብሄድ ይቆጡኛል" ብላ የምታስብ እናት በቤቷ መውለድን ልትመርጥ ትችላለች። ወደ ጤና ተቋም እንድትቀርብ የታሰበው ምክር እንድትርቅ ምክንያት ይሆናል ማለት ነው። በመሆኑም ከማንኛውም ዝርዝር በፊት መነገር ያለበት ዓረፍተ ነገር "ምንም ባይኖርሽም ነይ፤ እንቀበልሻለን" የሚል ነው።

የአደጋ ምልክት በሚታይበት ጊዜም እንደዚሁ ነው። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዐይን ብዥታ፣ መንፈራገጥ፣ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይጀምር የሽርት ውኃ መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲያጋጥም ቤተሰቡ ቦርሳ ሲያሟላ ሊዘገይ አይገባም። ካርዱ ተይዞ ወዲያውኑ መነሣት፣ የቀረው በኋላ እንዲመጣ ማድረግ ነው።

የተቋሙን ግዴታ በሚመለከት የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ከክፍያ ነጻ ከሚሰጡት አገልግሎቶች አንዱ ነው። ጓንት፣ ኦክሲቶሲን፣ የእትብት ማሰሪያና መቁረጫ፣ ለሕፃኑ ዐይን የሚቀባው ቴትራሳይክሊን፣ ቫይታሚን ኬ፣ እንዲሁም የቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት የተቋሙ እንጂ የእናቲቱ ቦርሳ ይዘት አይደሉም። ግብዓት በሚጓደልበት ጊዜ ጉድለቱን በእናቲቱ ዝርዝር ላይ በመጨመር ማለፍ ለዕለቱ መፍትሔ ቢመስልም፣ ጉድለቱ በሪፖርት ሳይታይ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ከቤት የመጣን ጨርቅ አጠቃቀም በሚመለከትም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከእናቲቱ ሥር የተነጠፈ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጋቢ ደሙን እየመጠጠ መጠኑን ይሰውራል፤ በዐይን የሚገመት ደም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ የተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ መጠን በሚያሳይ የደም መሰብሰቢያ ከረጢት ደምን ለክቶ ሕክምናዎቹን በአንድነት ወዲያውኑ መጀመር፣ ከባድ የደም መፍሰስን፣ በእርሱ ሳቢያ የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምናንና ሞትን ያካተተውን የጥናቱን ዋና መለኪያ በ60 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ የእናቲቱ ጨርቅ ለሙቀትና ለክብሯ እንጂ ለደም መለኪያነት የሚያገለግል አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

በማቆያ ለሚቆዩና ወደ ሆስፒታል ለሚላኩ እናቶች

መኖሪያቸው ሩቅ የሆነ ወይም ችግር ሊያጋጥማቸው ይችላል ተብለው የሚጠረጠሩ እናቶች ከመውለጃቸው ቀደም ብለው በነፍሰ ጡር እናቶች ማቆያ እንዲያርፉ ይደረጋል። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ በአገራችን ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በዚሁ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 የነበረውን የ22 ዓመት መረጃ የመረመረ ጥናት፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ አንጻር 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ እንደነበር አሳይቷል። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግር ከደረሰባቸው በኋላ የሚመጡ በመሆናቸው ልዩነቱ በሙሉ ለማቆያው የሚሰጥ አይደለም፤ ነገር ግን ቀድሞ መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያመለክታል።

ለማቆያ የምትሄድ እናት ቦርሳ ለሳምንታት የሚበቃ መሆን ስላለበት ሰፋ ያለ ዝግጅት ይጠይቃል። ምግብ በተቋሙ የማይቀርብ ከሆነ የማይበላሽ ስንቅ፣ ምግብ የሚያበስልላት ሰው፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚንከባከብ ዘመድ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ብዙ እናቶች ማቆያውን ጥለው የሚመለሱት ልብስና ምግብ ስላጠራቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው በማሰብ ጭምር ስለሆነ፣ የልጆቹ ጉዳይ የቦርሳው አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

እናት ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ስትላክ ቦርሳዋም አብሯት መጓዝ አለበት። በጥድፊያ መካከል ቦርሳው በወሊድ ክፍል ቀርቶ እናቲቱ ያለ ካርድ፣ ያለ ልብስና ያለ ገንዘብ ወደማታውቀው ከተማ እንዳትደርስ፣ "የሪፈር ወረቀት፣ ካርድ፣ ቦርሳ፣ አጃቢ" የሚሉትን አራት ነጥቦች አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት የሚያረጋግጥ ሰው በየተረኛው ቢመደብ መልካም ነው። አስቸኳይ ሕክምናዋ ግን በእነዚህ ምክንያት ሊዘገይ አይገባም።

ምክሩ እንዴት ይሰጥ?

"ቦርሳሽን አዘጋጅተሻል ወይ?" ለሚል ጥያቄ የሚገኘው መልስ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። እናቲቱ ባለሙያውን ላለማስቀየም ትመልሳለች፤ ባለሙያውም በካርዱ ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። የሚከተሉት ጥያቄዎች ግን ከዚህ የተሻለ መረጃ ይሰጣሉ፦ "እኅቴ፣ ምጡ ሌሊት ቢጀምርሽ በመጀመሪያ ማንን ትቀሰቅሻለሽ?" "ካርድሽ አሁን የት ነው የተቀመጠው?" "ልጆችሽን ማን ያድርልሻል?" "በወሊድ ክፍል ከአጠገብሽ ማን እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?" "ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ በማን እጅ ነው?" የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ውሳኔው በማን እጅ እንደሆነ ስለሚያሳይ፣ ባልየውን ወይም አማቲቱን በሚቀጥለው ጉብኝት መጋበዝ ያስፈልግ እንደሆነ ያመለክታል።

ማንበብ ለማትችል እናት ዝርዝሩን በሥዕል ማሳየት፣ ወይም ተሟልቶ የታሰረ ቦርሳ በክትትል ክፍሉ አስቀምጦ እየፈቱ ማስረዳት ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዘዋወሩ ቦርሳውን አይተው ቢያረጋግጡ፣ ያልተሟላውን ከእናቲቱ ጋር ተነጋግረው ቢያሟሉ ውጤቱ ከቃል ምክር ይበልጣል። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ለወለዱ እናቶች ገንፎ የማዘጋጀትና ቡና የማፍላት ልምድ ያዳበሩ ሲሆን፣ ይህም የቤትን ወግ ወደ ተቋሙ በማምጣት ከቦርሳው ውስጥ ጥቂት ሸክም የሚያቀልል ነው።

ማጠቃለያ

የወሊድ ቦርሳ በውስጡ ከሚያዙት ጨርቆች ይልቅ በዝግጅቱ ሂደት ለሚነሡት ጥያቄዎች የበለጠ ዋጋ አለው። ካርዱ የት ነው፣ ገንዘቡ በማን እጅ ነው፣ አብሯት የሚሄደው ማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ቦርሳው ጎዶሎ ቢሆን እንኳ ዕቅዱ ሙሉ ነው። መልስ ካላገኙ ደግሞ የተሟላ ቦርሳ ከበሩ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለሙያ በክትትል ጉብኝት ወቅት ለዚህ ውይይት ጥቂት ደቂቃዎችን ሊመድብ፣ እያንዳንዱ ተቋምም ባዶ እጇን የመጣችውን እናት ለመቀበል የሚሆን ጥቂት ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙናና የሚጠጣ ትኩስ ነገር በወሊድ ክፍሉ ሊያዘጋጅ ይገባል። እናቲቱ የበኩሏን ስታዘጋጅ ተቋሙም የበኩሉን አዘጋጅቶ ሊጠብቃት ይገባልና። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለው የደስታ ቃል በየወሊድ ክፍሉ እንዲሰማ የሚያደርገው የሁለቱ ዝግጅት መገናኘት ነው።